መዋጮው ከጎርፉ ይቅደም

በፍራንክፈርት ከተማ ቦርንሃይም የሚባለው ሰፈራችን የተቀመጠው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከበርገር ሽትራሰ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ላቀና ሰው መሬቱ ቁልቁል ይወርድበታል። ተዳፋቱን የአገሩ ሰዎች ቦርንሃይመር ሀንግ ይሉታል፤ ከግርጌው ኦስትፓርክ የተባለው ሰፊ መናፈሻ ተዘርግቷል። በመናፈሻው ውስጥ ያለውን ኩሬ ያየ ሰው ለውበት ተብሎ የተቆፈረ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ማይን ወንዝ በጥንት ዘመን ይሄድበት የነበረው መንገድ ትራፊ ነው። ወንዙ መንገዱን ከቀየረ በኋላ ቦታው ለዘመናት ረግረግ ሆኖ ኖሯል፤ መናፈሻ የሆነው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ቦርንሃይም እ.ኤ.አ. በ1877 ከፍራንክፈርት ጋር እስክትቀላቀል ድረስ ራሷን የቻለች መንደር ነበረች፤ የጥንቱ መንደር ከተዳፋቱ በላይ ሲሠራ ታችኛው ረግረግ ለውሃው ተትቶለት ነበር። ዛሬ በኩሬው ዳር የሚርመሰመሱት ዓይናቸውን ቡናማ ክብ የከበበው የግብፅ ዝይዎች ናቸው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ወዲያው ይለያቸዋል፤ የእሱም አገር ወፎች ናቸውና።

በፍራንክፈርት ከምንኖረው ኢትዮጵያውያን መካከል ከጣና ዙሪያ፣ ማለትም ከፎገራ፣ ከደምቢያ፣ ከሊቦ ከምከምና ከባሕር ዳር ዙሪያ የመጡ አሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስልካቸው ላይ የሚደርሰውን ምስል ሁላችንም እናውቀዋለን። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመ ገበሬ፣ ክዳኑ ብቻ የሚታይ ጎጆ፣ ልጇን አዝላ በታንኳ የምትሻገር እናት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መዝገብ ይከፈታል። አንዱ ሃያ ዩሮ፣ ሌላው ሃምሳ ዩሮ ያጽፋል፤ ኮሚቴ ይመረጣል፤ ገንዘቡ በማን በኩል ይላክ በሚለው ላይ ሁለትና ሦስት ሳምንት ያልፋል። ሰዉ ቸር ነው፤ ይህን በአክብሮት ነው የምናገረው። በሌሊት ፈረቃ ከምታገኘው ላይ ቆጥባ፣ ልጆቿን ለማሳደግ የምትታገል እናት ሳትቀር ታዋጣለች። ይሁን እንጂ መዋጮው አገር ቤት ሲደርስ ውሃው ሸሽቷል፣ እህሉ በስብሷል፣ ከብቱ ተሸጧል። በየዓመቱ የምናዋጣው ለደረሰ ጥፋት ነው። ጥፋቱ እንዳይደርስ አዋጥተን አናውቅም። በዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር፤ የምንሰጥበት ወቅት ትክክል አይደለም፣ መለወጥም አለበት።

የጣና ዳር ኑሮ ከውሃ ጋር ተግባብቶ የኖረ ኑሮ ነው። ሐይቁ ስፋቱ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። በምሥራቅና በሰሜን በኩል ዳርቻው ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ውሃው አንድ ሜትር ከፍ ሲል ብዙ ርቀት ወደ መንደሩ ይገባል፤ ዝቅ ሲልም ብዙ መሬት ለቅቆ ይሄዳል። በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። ውሃው ሲመለስ ብቅ የሚለውን መሬት የአካባቢው ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል። ገበሬው ዝናብ ሳይጠብቅ፣ በቀረው እርጥበት ብቻ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ጎርፉ ይዞት የመጣው ደለል ማዳበሪያው ነው። ስለዚህ ለፎገራና ለደምቢያ ገበሬ ውሃው መምጣቱ ብቻውን መከራ ሆኖ አያውቅም። መከራ የሚሆነው ከልኩ ሲያልፍ፣ ባልተጠበቀ ቀን ሲመጣና አልሸሽም ሲል ነው።

ሩዝ ከመግባቱ በፊት የፎገራ ሜዳ የከብት አገር ነበር። የፎገራ ላም በወተቷና ረግረጉን በመቻሏ ስሟ የታወቀ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጭምር የተሞከረው ሩዝ ቀስ በቀስ በገበሬው እጅ ተስፋፋ፤ ዛሬ በወረታ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እስከ መቆም ደርሷል። ውሃ የሚተኛበትን መሬት ወደ እህል ጎተራ መለወጥ ትልቅ ጥበብ ነው። ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ መላመድ በየአዳራሹ ሲወራ የፎገራ ገበሬ ስም ባለመነሣቱ ሁልጊዜ አዝናለሁ። ሩዙ ዋጋ ሲያወጣ ግን ሰው ወደ ውሃው እየተጠጋ ሄደ። ግጦሹ ታረሰ። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች፣ የክረምቱን ትርፍ ውሃ ተቀብለው ያቆዩ የነበሩት፣ በፓምፕ እየተጠጡና እየታረሱ ጠበቡ። የሞገዱን ጉልበት ይሰብር፣ ደለሉንም ይይዝ የነበረው ደንገል ተመነጠረ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳር ያዘ፤ በብዙ ቦታ ታንኳ የሚገባበትን መንገድ ዘጋ።

ከላይ ያለው ተራራም ከታች ላለው ሜዳ ተጠያቂ ነው። ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። ተራራው ሲራቆት አፈሩ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ወንዙ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ስለሚደክም አፈሩን እዚያው ጣለው። የጉማራን የታችኛውን ክፍል ያጠኑ ሊቃውንት የወንዙ ወለል ከ1950ዎቹ እስከ 2000ዎቹ ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ከፍ ማለቱን ለክተዋል። ከወንዙ ዳር ሆኖ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። አባት በልጅነቱ ገደል ወርዶ ይቀዳበት የነበረው ውሃ ዛሬ ለልጁ ከማሳው ጋር እኩል ይፈስሳል። ትንሽ ከጨመረ ከዳሩ ይወጣል። ሰማዩ ያልጨመረውን ጎርፍ ምድር ጨመረችው።

አሁን ሰማዩም እየጨመረ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት የመያዝ አቅም ያገኛል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ዝናብ ይከብዳል። የዓመቱ ድምር ባይለወጥ እንኳ የአንድ ቀኑ ዝናብ አገር ሊያጠፋ ይችላል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ይህን ያየንበት ነው። ያን ክረምት ድሬዳዋ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ቀበረች፤ ኦሞ ወንዝ በዳሰነች መቶዎችን ወሰደ፤ በጣና ዙሪያም ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በ2012 ዓ.ም. ክረምትም እነዚሁ ወረዳዎች እንደገና ተጥለቀለቁ።

ሐይቁ ሌላም እጅ አለበት። ባሕር ዳር አጠገብ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ አይወሰንም፤ መዝጊያው መቼ እንደተከፈተና ምን ያህል ውሃ ወደ በለስ እንደሄደም ይወስነዋል። ባሕር ሸሽ የሚያርሰው ገበሬ ይህን የሚያውቅበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። መዝጊያውን የሚይዘው ሰው የሚያየውን ቁጥር፣ ዘር በእጁ ይዞ ዳር ላይ የሚጠብቀውም ሰው በየሳምንቱ በሬዲዮ ቢሰማው ምንም አይጎድልም።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። የጣና ዳር ቤት ውስጥ የዓመቱ ቀለብ ያለው ጎታ ውስጥ ነው። ጎታ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ተለውሶ ይሠራል፤ ሴቶች ናቸው የሚሠሩት፤ በየንብርብሩ እያደረቁ ቀናት ይፈጅባቸዋል። ሲደርቅ ጠንካራ ነው። የሚቀመጠው ግን ወለል ላይ ነው። ውሃ አንድ ክንድ ያህል ቤት ውስጥ ገብቶ ካደረ ጎታው ከሥሩ ይርሳል፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ይናዳል። እህሉ ጭቃ ውስጥ ይፈስሳል፤ ያብጣል፣ ያቆጠቁጣል፣ በሦስተኛው ቀን ይሸታል። ቤቱ ሳይፈርስ፣ ሰው ሳይሞት፣ በማንም ዘገባ ላይ ሳይመዘገብ አንድ ቤተሰብ ለዓመት ይራባል። ጎታውን በድንጋይ መደብ ላይ ከወገብ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ችግሩ ሜዳው ላይ ድንጋይ አለመኖሩ ነው፤ ከኮረብታው በጋሪ መጫን አለበት፤ ጋሪ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ክረምት ከገባ በኋላ ደግሞ ጋሪው በጭቃው አይሄድም። እኛ ገንዘብ የምንልከው መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ጀርመን አገር ሁሉ ነገር የተሟላ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ስለ አር ሸለቆ ይስማ። ከፍራንክፈርት የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 14 ለ15 አጥቢያ 2021 አር የተባለው ትንሽ ወንዝ ሞልቶ በሸለቆው ከ130 በላይ ሰው ገደለ፤ በመላ ጀርመን የሞተው ከ180 በላይ ነበር። ሲንትሲሽ በተባለች ከተማ በአንድ የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ 12 ነዋሪዎች በተኙበት ሰጠሙ። የአውሮፓ የጎርፍ ትንበያ ተቋም ከቀናት በፊት አስጠንቅቆ ነበር። ላይኛው ሸለቆ ገና በምሽቱ እየሰጠመ እያለ የወረዳው ከፍተኛ የአደጋ ጥሪ የታወጀው ከምሽቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ሳይንሱ ነበር፣ ኮምፒውተሩ ነበር፣ ገንዘቡ ነበር። የጠፋው ከትንበያው እስከ ተኛው ሰው ጆሮ ያለው የመጨረሻው አንድ እርምጃ ነው።

ከዚያ በላይ የከነከነኝ ሌላ ነገር አለ። አር ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1804 እና በ1910 አገር ያጠፋ ጎርፍ አምጥቶ ነበር። ታሪኩ በመጻሕፍት ተጽፏል፣ ሽማግሌዎች ያወሩታል። የአደጋ ካርታው ሲሠራ ግን የተቆጠረው የወንዝ መለኪያው ከተተከለበት ከ1940ዎቹ ወዲህ ያለው ብቻ ነበር። ካርታው ሁለቱን ታላላቅ ጎርፎች ስላላወቃቸው አደጋው ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ተሣለ፤ ሰውም ካርታውን አምኖ ኖረ። ለእኛ አገር ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም። ፎገራ ውስጥ የ1998ቱ ውሃ የት ድረስ እንደደረሰ በጣቱ የሚያሳይ ሽማግሌ በየጎጡ አለ። የቤተ ክርስቲያኑን ደጀ ሰላም፣ የመስጊዱን ደረጃ፣ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ እየጠቀሰ ይነግራችኋል። ያ እውቀት በማንም ካርታ ላይ ካልሰፈረ ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል።

ፍራንክፈርት ራሷ ይህን በድንጋይ ጽፋዋለች። ሮመር ከተባለው አደባባይ ወርዶ አይዘርነር ሽቴግ የሚባለውን የብረት የእግረኛ ድልድይ የሚሻገር ሰው ያለፉት ዘመናት ጎርፎች የደረሱበት ልክ ከነዓመተ ምሕረቱ ተቀርጾ ያያል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1342 የቅድስት ማግዳሌና ቀን ሰሞን የመጣው ጎርፍ እስከ ዛሬ የሚበልጠው አልተመዘገበም፤ ውሃው በከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ680 ዓመት በላይ አልፏል፤ ከተማዋ ግን አልረሳችውም። ማይን በብርዱ ወቅት ሲሞላ በወንዙ ዳር ያለው ዝቅተኛው መራመጃ ይዋጣል፤ ከተማው ይዘጋዋል፣ ሰው ከላይ ሆኖ ያያል፣ ውሃው ሲወርድ ጭቃው ይታጠባል፣ ሰውም መራመዱን ይቀጥላል። እዚያ ማንም ቤት አልሠራም። ጎርፍ የሚተኛበት ተብሎ በተከለለ መሬት ላይ አዲስ የመኖሪያ መንደር መመሥረትን የጀርመን የውሃ ሕግ በመሠረቱ ይከለክላል፤ ካርታውን ማንም ሰው በኢንተርኔት ከፍቶ የገዛ ቤቱን ይፈልግበታል።

ከአር በኋላ ጀርመኖች ያደረጉት ሌላ ነገር በዚሁ በቦርንሃይም በጆሯችን የሰማነው ነው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ የአደጋ ጥሪ ወደ አብዛኛው የእጅ ስልክ፣ ምንም መተግበሪያ ሳይጫንበት፣ በቀጥታ ይላካል። በዓመት አንድ ቀን፣ በፈረንጆቹ መስከረም (ሴፕቴምበር) ሁለተኛው ሐሙስ፣ በአገሩ ሰዓት 11 ላይ፣ በመላ አገሪቱ ይሞከራል። በ2018 ዓ.ም. ይህ ሐሙስ የዋለው በእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ በተቀመጥንበት ቤት የሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የቤቱ እናት ደንግጠው ተነሡ።

«ምንድን ነው ልጄ? ምን መጣ?»

«አይዞዎት እትዬ፣ ሙከራ ነው። ጎርፍ ወይም እሳት ቢመጣ ሰው እንዲነቃ ነው።»

«እንዲህ እየጮኸ?» አሉ ተቀመጡና፣ «እኛ አገር እኮ ውሃው ሌሊት ነው የሚመጣው። ከብቱ ሲጮህ ነው የምንነቃው።»

የደምቢያ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ጣና ወደ ዓመቱ ከፍተኛ ልኩ እየተቃረበ ነበር።

ለጣና ዳር ሰው የሚሆነው ጥሪ በስልክ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ስልክ ያለው ሁሉ ኃይል የለውም፣ ኔትወርክም በሚፈለግበት ሌሊት ላይኖር ይችላል። ደወል ግን አለ። የመስጊድ ድምፅ ማጉያም አለ። የላይኛው ርብና ጉማራ ላይ ዝናቡን የሚያየው ሰው ለታችኛው ቀበሌ የሚደውልበት ስምምነት፣ ደወሉ ስንት ጊዜ ሲደወል ከብት መነዳት እንዳለበት የሚታወቅ ሥርዓት፣ ከብቱ የሚነዳበት የተከለለ ከፍታ ቦታ፣ እዚያም የተከመረ ድርቆሽ ያስፈልጋል። ከብት የሚሄድበት ከሌለው ባለቤቱም አይሄድም፤ ከበሬው ጋር ይቀራል። ሰውም በዚህ ምክንያት ሊሞት ይችላል። ጎርፉ ሲመለስ ደግሞ ወባ ይከተላል፤ አጎበሩ ሊታደል የሚገባው ውሃው ሳይመጣ ነው። ትምህርት ቤቱ የተፈናቃይ መጠለያ ሲሆን የልጆቹ ትምህርት ይቋረጣልና ለመጠለያ የሚሆን ሌላ ቤት አስቀድሞ ማሰብ የወላጆችም የወረዳውም ሥራ ነው።

ከባዱ ነገር መሬት ነው። «ከዳሩ ራቁ» ማለት ለባለሥልጣን ይቀልላል። ባሕር ሸሽ መሬት ዳሩ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ሁልጊዜ የክርክር ምንጭ ነው፤ የእኔ ነው የሚለው ሰው አንድ ዓመት ቢለቀው ሌላው ያርሰዋል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ አደጋውን እያወቀ ይቀመጣል። በባሕር ዳር የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ስጋት ከንቱ አይለውም። ታንኳ ሠርተው፣ ዓሣ አጥምደው ሲኖሩ የኖሩ ሰዎች ከተማው ወደ ሐይቁ በተጠጋ ቁጥር ከዳሩ እየተገፉ፣ ዳሩ ለሆቴልና ለመዝናኛ ሆኗል። ለደኅንነት ተብሎ የሚነሣ ሰው የሚሄድበት ቦታ፣ የሚያርሰው መሬትና ወደ ውሃው የመመለስ መብቱ በጽሑፍ ካልተሰጠው ማንሣቱ ሌላ ጉዳት ነው። በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም ባይ ነኝ።

ሁሉንም ጥፋት በአየር ንብረት ለውጥ ላይ መጫንም ከእውነት ያርቃል። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ40 በላይ ሆኗል። ጨዋማው ውሃ የግጦሽ መሬት በልቷል፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን መንገድና ባቡር አስጨንቋል። በዚያ የመስኖ ትርፍ ውሃና ከምድር ሥር የሚመጣው ፍል ውሃ ዋናው ምክንያት ተደርጎ ይነሣል። በደቡብ ደግሞ የዳሰነች ሰዎች ከሁለት ወገን ተከብበዋል፤ ኦሞ ከላይ ይሞላል፣ ቱርካና ሐይቅ ከታች ከፍ ይላል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቅለዋል፣ ኦሞራቴ ከተማ ራሷ አደጋ ላይ ወድቃለች። በኬንያ ባሪንጎና ናይቫሻ የተባሉት ሐይቆችም እንዲሁ መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ውጠዋል። ለእያንዳንዱ ሐይቅ መንስኤው ይለያያል፤ መንስኤውን ያልለየ ግድብ ወይም ቦይ ውሃውን ወደ ጎረቤት መንደር ከመግፋት አያልፍም።

አገራችን ያለችበትን ሁኔታ አልዘነጋሁም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት ባለሙያው ወደ ቀበሌ እንዳይወርድ፣ መድኃኒትና አጎበር እንዳይደርስ አድርጓል። ጣናን የሚጠብቅ የክልል ኤጀንሲ ተቋቁሟል፤ ሐይቁም ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል፤ ለዚህም ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሰላም እስኪመጣ ሁሉም ነገር ይቆይ የሚሉ አሉ። ውሃው ግን አይቆይም። ደወሉ፣ ድንጋዩ፣ ድርቆሹና የግድግዳው ምልክት ደግሞ የመንግሥት በጀት የማይጠብቁ፣ በዕድርና በሰንበቴ አቅም ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

ትልቁን ገንዘብ በተመለከተ እኛ በፍራንክፈርት የምንኖር ሰዎች ያለንበትን ቦታ የተጠቀምንበት አይመስለኝም። ከቦርንሃይም ሚተ ኡ4 ባቡር የተሳፈረ ሰው ሳይወርድ ቦከንሃይመር ቫርተ ይደርሳል። ከዚያ በእግር ቅርብ ላይ ካኤፍቬ የተባለው የጀርመን መንግሥት የልማት ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት አለ፤ ጂአይዜድ የሚባለው የቴክኒክ ትብብር ድርጅትም ከከተማው ወጣ ብሎ ኤሽቦርን ነው ያለው። ጀርመን ለአየር ንብረት መላመድ ለድሃ አገሮች የምትሰጠው ገንዘብ ብዙው የሚያልፈው በእነዚህ በኩል ነው። እዚህ የምንኖረው ብዙዎቻችን ግብር እንከፍላለን፣ ከመካከላችን ድምፅ የምንሰጥም አለን። ለፓርላማ ተወካዮቻችን ጽፈን፣ ከጣና ዳር የመጡትን ሰዎች ይዘን ሄደን፣ የፎገራን ጎታና የደምቢያን ደወል ማስረዳት እንችላለን። በ2020 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ2027፣ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ይካሄዳል። የሐይቅ ዳር ገበሬ ጉዳይ በዚያ ጉባኤ እንዲነሣ ከፈለግን ጊዜው አሁን ነው።

ወደ ራሳችን መዝገብ ልመለስና ለማኅበራችን መሪዎችና በየሰንበቱ ለምትሰበሰቡ ወገኖች የምለምነውን ልናገር። በመስከረም የምንከፍተው መዝገብ አይዘጋ፤ ተጎጂ ሲኖር መርዳት ግዴታችን ነው። ከእሱ በፊት ግን ሌላ መዝገብ እንክፈት። አንድ ቀበሌ እንምረጥ፤ ከዚያ ቀበሌ የመጡት ወንድሞችና እኅቶች እናቶቻቸውንና አባቶቻቸውን በስልክ ይጠይቁ፤ የ1998ቱ ውሃ የደረሰበት ይጻፍ፣ በግድግዳው ላይም በቀለም ይሰመር። ስንት ጎታ መደብ እንደሚያስፈልገው፣ ከብቱ የት ከፍታ ላይ እንደሚወጣ፣ ደወሉን ማን እንደሚደውል እነሱው ይንገሩን። እኛ የጋሪውን፣ የድንጋዩንና የድርቆሹን እንክፈል። በግንቦት ሐይቁ በዓመቱ ዝቅተኛ ልኩ ላይ ነው፣ መንገዱም ለጋሪ ደረቅ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከፋሲካ በፊት ተሰብስቦ ያለቀ ይሁን።